ጤናማ የመክሰስ መሸጫ በትምህርት ቤት፦ ባልና ሚስት ከየት ይጀምሩ?



ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። ልጆች ከየክፍላቸው እየተሯሯጡ ይወጣሉ። ከፊሎቹ ወደ ሜዳው፣ ከፊሎቹ ወደ አጥሩ ይሮጣሉ። በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ትንሽ እጅ ብር ይዞ ይወጣና ከረሜላ ወይም በላስቲክ የታሰረ ባለ ቀለም ጣፋጭ ውሃ ጨብጦ ይመለሳል። ይህ እጅ የእናንተ ልጅ እጅ ሊሆን እንደሚችል አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ጠዋት ልጃችሁን ስትሸኙ «ለመክሰስህ» ብላችሁ ገንዘብ የምትሰጡ ብዙዎች ናችሁ። አባት ሲሰጥ እናት ስንት እንደሆነ አታውቅም። እናት ስትሰጥ ደግሞ አባት ሳያውቅ ይደግመዋል። ምን እንደተገዛበት ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይጠይቁም።

በዚህ ትምህርታችን ወላጆች ተባብረው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጤናማ መክሰስ የሚሸጥበት አነስተኛ ሱቅ እንዴት ሊያቋቁሙ እንደሚችሉ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ተራችሁን እየጠበቃችሁ የምታነቡ ከሆነ፣ ማታ ቤት ስትገቡ ከባለቤታችሁ ጋር እንድትነጋገሩበት አደራ እንላለን።

መክሰስ ለምን ያስፈልጋል?

የልጅ ሆድ ትንሽ ነው። እንደ ትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አይችልም። ሰውነቱ ግን ያድጋል፣ ይሮጣል፣ ያስባል። ስለዚህ በቁርስና በምሳ መካከል አንድ ነገር መቅመሱ ተገቢ ነው። በተለይ በማለዳ ሻይ ብቻ ጠጥቶ የወጣ ልጅ በ4 ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው። ባዶ ሆድ ይዞ ደግሞ የሒሳብ ትምህርት መከታተል ለማንም ይከብዳል።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በከተማው አስተዳደር በስፋት ተጀምሯል። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ምገባ የሌለባቸው ትምህርት ቤቶችና ከተሞች አሉ። ምገባ ባለበትም ቢሆን ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ያለው ልጅ ከሚያየው ነገር መግዛቱ አይቀርም። ጥያቄው እንግዲህ «ልጁ ይግዛ ወይስ አይግዛ?» ሳይሆን «በአካባቢው ምን ያገኛል?» የሚለው ነው።

ስኳርን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 40 ግራም ስኳር፣ ማለትም 10 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ግን ብቻውን 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠጣው ሻይ ሲጨመርበት ልኩ ታለፈ ማለት ነው። ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላም በአፍ ውስጥ ላሉ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ የሚያመርቱት አሲድ ጥርስን ያበሰብሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ማነስ ነው። የወር አበባ ማየት የጀመረች ልጃገረድ በየወሩ ደም ስለሚፈሳት ከወንድሟ የበለጠ የብረት ማዕድን (አይረን) ያስፈልጋታል። ዛሬ በብስኩትና በለስላሳ የምትውል ልጅ ነገ እናት ስትሆን የደም ማነስ ይዟት ወደ እርግዝና ልትገባ ትችላለች። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና ጤፍ የብረት ማዕድን አላቸው። ከእነርሱ ጋር ብርቱካን፣ ሎሚ ወይም ፓፓያ ሲበላ ሰውነት ማዕድኑን በተሻለ ይወስደዋል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቆሎና ብርቱካን የሚሸጥ ሱቅ ቆሎና ሻይ ከሚሸጥ ሱቅ ይሻላል።

ኪራዩ ምን ያሸጣል?

በብዙ ትምህርት ቤቶች ሻይ ቤቱ ወይም ሱቁ በጨረታ ይከራያል። ከፍተኛ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል። ትምህርት ቤቱም በገቢው ጠመኔና ወንበር ይገዛል። ይህ በመልካም ሐሳብ የሚደረግ ነው። ነገር ግን ከፍተኛ ኪራይ የገባ ሰው ምን ይሸጣል? የማይበሰብስ፣ ብዙ ትርፍ ያለውና ልጆች ሳያስቡ የሚገዙትን ነው። ይኸውም ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ቺፕስና ለስላሳ ነው። ሙዝ ይበሰብሳል፤ ንፍሮ በማለዳ ይቀቀላል። ኪራይ የከበደው ነጋዴ ይህን ሁሉ አይሞክረውም።

ስለዚህ ነጋዴውን ከመውቀሳችን በፊት ውሉን እንመርምር። ጤናማ ሱቅ የሚጀምረው ከምግቡ ሳይሆን ከውሉ ነው። ኪራዩ ዝቅ ይበል፤ በምትኩ የሚሸጠውና የማይሸጠው ዝርዝር በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ዝርዝሩን ያፈረሰ ውሉ ይቋረጥበታል የሚል ሐረግም ይግባበት። ይህ አንድ እርምጃ ካልተወሰደ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

የመጀመሪያው ስብሰባ በቤታችሁ ይሁን

ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ባልና ሚስት ሦስት ነገሮችን ተነጋገሩ። ለልጃችን በሳምንት ስንት ብር እንሰጣለን? ማን ይሰጣል? ልጁ ምን ይገዛበታል? ልጁንም ጠይቁት፤ ግን አትቆጡት። ከተቆጣችሁት የሚነግራችሁ እውነቱን ሳይሆን የምትወዱትን ነው።

ከዚያ አራት ወይም አምስት ወላጆችን አነጋግሩ። ሐሳቡን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አቅርቡ። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ባለቤቱን ወይም ርእሰ መምህሩን ቀርባችሁ አስረዱ። ስትቀርቡ ቅሬታ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የተጻፈ እቅድ ይዛችሁ ሂዱ። በስብሰባው የተወሰነው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ኮሚቴ ሲመረጥ ሴቶችም ወንዶችም ይኑሩበት። የምግብ ነገር የሴት ብቻ፣ የገንዘብ ነገር የወንድ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ለመነሻ ገንዘብ ከሁሉም ወላጅ ጥቂት መዋጮ ይበቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንድ ቤተሰብ የማይችለውን ሃምሳ ቤተሰብ ሳይከብደው ይችለዋል።

ምን ይሸጥ?

ሱቁ ሲጀመር ከአምስት ወይም ከስድስት ዓይነት ምግብ አይብለጥ። ብዙ ዓይነት መያዝ ብዙ ብክነት ያመጣል። ለምሳሌ፦

1. ቆሎ፦ የገብስ፣ የስንዴና የሽምብራ። ርካሽ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፤ ጾመኛውም የማይጾመውም ይበላዋል።
2. ዳቦ ወይም ቂጣ፦ ከተቻለ ያልተነፋ ዱቄት የገባበት።
3. ንፍሮ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ስኳር ድንች፦ በማለዳ ተቀቅሎ ትኩስ እንዳለ የሚቀርብ። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ለዓይንና ለሰውነት መከላከያ የሚጠቅም የቫይታሚን ኤ ምንጭ አለው።
4. ፍራፍሬ፦ ሙዝ፣ ብርቱካንና እንደ ወቅቱ ማንጎ። ሙዝና ብርቱካን ልጣጫቸው ከቆሻሻ ስለሚከላከላቸው ለትምህርት ቤት ይመቻሉ።
5. የተቀቀለ እንቁላል፦ ከነቅርፊቱ።
6. ንጹሕ የመጠጥ ውሃ፦ በነጻ።

ውሃ በነጻ ይሁን ያልነው ያለምክንያት አይደለም። የጠማው ልጅ ውሃ ካላገኘ ለስላሳ ይገዛል።

የጾም ቀናትን አትርሱ። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ወራት ብዙ ልጆች እንቁላል አይገዙም። በእነዚህ ቀናት ንፍሮና ፍራፍሬ ይብዛ። በረመዳን ወር የሚጾሙ ተማሪዎች ስለሚኖሩ በጠቅላላው የሚቀርበው መጠን ይቀነስ። ይህን አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያደረገ ሱቅ አይከስርም።

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ኦቾሎኒም ሆነ ጠንካራ ቆሎ አይሸጥ። ሲሮጡ ወይም ሲስቁ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧቸው ገብቶ ሊያንቃቸው ይችላል። ለእነርሱ ለስላሳ ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች ይሻላቸዋል። ኦቾሎኒ ሲበላ ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ካለም ወላጁ ለመምህሩና ለሻጯ አስቀድሞ ይንገር።

ምን አይሸጥ?

ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ቺፕስ፣ በላስቲክ የሚታሰር ባለ ቀለም መጠጥ አይሸጥ። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖስ? እነዚህ ልጆች በጣም የሚወዷቸው ናቸው። ፈጽሞ መከልከሉ ካስቸገረ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ በዚያው ዕለት ጠዋት የተጠበሱ ይሁኑ። ዘይቱ ደጋግሞ የተጠበሰበት፣ የጠቆረና የሚሸት መሆን የለበትም።

ንጽሕና

ያልጸዳ ጤናማ ምግብ በሽታ ነው። የሚከተሉትን በወፍራም ወረቀት ጽፋችሁ ሱቁ ውስጥ ስቀሉ።

• ምግብ የሚነካ ሰው ገንዘብ አይንካ፤ ገንዘብ የሚቀበል ምግብ አይንካ። ሰው ካነሰ በመቆንጠጫ ወይም በጭልፋ ይሸጥ።
• ከመጸዳጃ ቤት መልስና ሥራ ሲጀመር እጅ በሳሙና ይታጠብ። ልጆችም የሚታጠቡበት ባለ ቧንቧ በርሜልና ሳሙና ከሱቁ አጠገብ ይቀመጥ።
• የሚጠጣው ውሃ ተፍልቶ የቀዘቀዘ ወይም በመድኃኒት የታከመ ሆኖ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ኩባያ ያምጣ።
• የተቀቀለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ይቆይ። ስለዚህ ንፍሮ፣ ድንችና እንቁላል ለመጀመሪያው ዕረፍት ይቅረቡ። ለከሰዓት ፈረቃ ቆሎ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ይሁን።
• ኦቾሎኒ ሲገዛ ይለቀም። የሻገተው፣ የጨማደደውና ቀለሙ የተለወጠው ይጣል። በሻጋታ ምክንያት የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።
• ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም እጅ ላይ ቁስል ያለበት ሰው እስኪድን ድረስ አይሽጥ። ሻጮች በየጊዜው በጤና ጣቢያ ይመርመሩ።
• ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃም ይቀመጥ። ጨው ግን ይቀነስ፤ ቆሎ ሳይጨመርበት ይጣፍጣል።

ሂሳብ

ብዙ መልካም ሥራ የሚፈርሰው በሂሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኪሎ ሙዝ በ80 ብር ተገዛ እንበል። 8 ፍሬ ቢኖረው አንዱ 10 ብር ወጥቶበታል። ኮሚቴው አንዱን በ12 ብር ቢሸጥ ከኪሎው 16 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለቱ ፍሬ ቢበሰብሱስ? የቀሩት 6 ፍሬዎች 72 ብር ብቻ ያስገባሉ፤ ስለዚህ 8 ብር ከሰረ ማለት ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ዋጋ ሲወጣ የሚበላሸውም ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ቀን የሚበቃ ብቻ ይገዛ። በየቀኑ ስንት እንደተሸጠና ስንት እንደተረፈ በመዝገብ ከተጻፈ በሦስተኛው ሳምንት የልጆቹ ፍላጎት በግልጽ ይታወቃል። ከቆሎ የሚገኘው ትርፍ የፍራፍሬውን ኪሳራ እንዲደግፍ ማድረግም ይቻላል። ሙዙ ከብስኩቱ ከተወደደ ልጁ ብስኩቱን ፍለጋ ወደ አጥሩ ይመለሳልና የፍራፍሬ ዋጋ ዝቅ ማለት አለበት።

ገንዘብ ያዡና ሂሳብ ጸሐፊው አንድ ሰው አይሁኑ። ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ወይም የተፈረመበት ወረቀት ይያዝ። ወር በገባ ቁጥር ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ትርፍ ከተገኘ ለሳሙና፣ ለውሃ በርሜል፣ እንዲሁም ለልጃገረዶች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ መግዣ ቢውል ጥቅሙ ተመልሶ ለልጆቹ ይሆናል።

በር ላይ የሚሸጡት እናትስ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ኮሚቴዎች ይረሱታል። በትምህርት ቤቱ በር ላይ በጨርቅ ላይ ከረሜላና ብስኩት ደርድረው የሚሸጡ እናት አሉ። ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ የሚቀመጡት ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ነው። ምናልባትም አንዱ ልጃቸው በዚያው ትምህርት ቤት ይማራል። ሱቁ በግቢው ውስጥ ሲከፈት እኚህ እናት እንጀራቸውን ያጣሉ። ዘበኛ ልኮ ማባረር ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአንዱን ልጅ ጤና ለመጠበቅ የሌላውን ልጅ እራት መንጠቅ ፍትሕ አይደለም።

ደግሞም ማባረር አይሠራም። ሻጯ ዛሬ ከበሩ ቢነሱ ነገ በጀርባው አጥር በኩል ይመጣሉ። የሚሻለው ቀርቦ ማነጋገር ነው። «እትዬ፣ በግቢው ውስጥ ጥላ ያለው ቦታ እንስጥዎት፤ ኪራይ አንጠይቅዎትም፤ ቆሎና ፍራፍሬ ይሽጡልን» ቢባሉ ብዙ እናቶች ደስ ይላቸዋል። የልጆቹን ስም፣ የዕረፍቱን ሰዓት፣ ማን በዱቤ ወስዶ እንደማይከፍል ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገቢያቸው ሊቀንስ ስለሚችል ኮሚቴው የመጀመሪያውን ቆሎና ሙዝ ገዝቶ ቢያስረክባቸውና የተበላሸውን ቢተካላቸው ይበረታታሉ። የንጽሕናውን ትምህርት ደግሞ የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንዲሰጧቸው መጠየቅ ይቻላል።

ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች

«ልጆቹ አይገዙም» የሚል ቅሬታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መምጣቱ አይቀርም። አትደንግጡ። ጣፋጭ የለመደ ምላስ ወዲያው አይመለስም። ምግቡን አሳምሩ፤ ቆሎውን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉ፤ ብርቱካኑን ልጆች በሚያዩት ከፍታ ደርድሩ። የተማሪዎች የጤና ክበብ ምርጫውን ያድርግ፤ ራሱ የመረጠውን ልጅ አይንቀውም። ሰልፉ ረጅም ከሆነ ልጁ ዕረፍቱ ሳያልቅበት ወደ አጥሩ ይሄዳልና ዋጋው ብር ለመመለስ የማያስቸግር ክብ ቁጥር ይሁን።

መምህራንም ድርሻ አላቸው። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ለስላሳ ይዞ ከቆመ ስለ ጤናማ ምግብ የሚያስተምረው ትምህርት ከሰሌዳው አያልፍም። ለጎበዝ ተማሪ ከረሜላ መሸለምም ቢቀር መልካም ነው፤ እርሳስ ወይም ደብተር ይበቃል።

ገንዘብ የሌለው ልጅም አለ። ጓደኞቹ ሲበሉ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመውን ልጅ አትርሱት። ኮሚቴው ከክፍል ኃላፊ መምህራን ጋር በመመካከር፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ ለተቸገሩ ልጆች ከሌሎች ወላጆች ልጆች ጋር ተመሳሳይ የሆነ የካርድ ወረቀት ሊሰጥ ይችላል። ሁሉም ልጅ በካርድ የሚገዛ ከሆነ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ አይለይም፤ ልጁም አያፍርም።

ማጠቃለያ

ውድ ባልና ሚስት፣ ልጅን በቁጥርና በእቅድ መውለድ የወላጅነት መጀመሪያ ነው፤ የተወለደውን በጤና ማሳደግ ደግሞ የየዕለቱ ሥራ ነው። ከቤት ውጭ የሚበላው ከእጃችሁ የወጣ ይመስላል፤ ግን አልወጣም። ውሉን ካስተካከላችሁ፣ ዋጋውን ካሰላችሁ፣ በር ላይ ያሉትን እናት ከጎናችሁ ካሰለፋችሁ በዚያ በ4 ሰዓት ደወል የሚዘረጋው ትንሽ እጅ ከረሜላ ሳይሆን ቆሎና ሙዝ ይዞ ይመለሳል።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጃችን ባለፈው ሳምንት በኪስ ገንዘቡ ምን ገዛ? መልሱን እናውቃለን ወይስ እንገምታለን?
2. በልጃችን ትምህርት ቤት ያለው ሱቅ የማን ነው? ኪራዩ ስንት ነው? ውሉስ ስለሚሸጠው ምግብ ምን ይላል?
3. በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጡትን ሰዎች አነጋግረናል?
4. በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከሁለታችን ማን ይገኛል? ሁለታችንም መገኘት እንችላለን?
5. ቤታችን ውስጥ ለልጆች የምናቀርበው መክሰስ ከሱቁ እንዲሸጥ ከምንፈልገው ጋር ይመሳሰላል?